የመምህሩ ወንበር፦ በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የማስተማር ሥራ ታሪክ

በ1958 ላንሴት በተባለው ዕውቅ የብሪታንያ የሕክምና መጽሔት ላይ ከኢትዮጵያ የተላከ የሥራ ማስታወቂያ ወጥቶ ነበር። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።) የተፈለገው በአዲስ አበባ በልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል የአዋላጅ ነርሶች ትምህርት ቤት የሚያቋቁም የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ነበር። ማስታወቂያውን አንብበው ያመለከቱት ዶክተር ሬጂናልድ ሃምሊንና ባለቤታቸው ዶክተር ካትሪን ሃምሊን በ1959 ከአውስትራሊያ ተነሥተው አዲስ አበባ ገቡ። ውላቸው የሦስት ዓመት ነበር። ሁለቱም ግን ቀሪውን የሥራ ዘመናቸውን በኢትዮጵያ አሳለፉ። ዶክተር ሬጂናልድ በ1993፣ ዶክተር ካትሪን በ2020 ዐርፈዋል።

ሁለቱ ሐኪሞች በ1974 ስላቋቋሙት የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ብዙ ተጽፏል። የመጡበት ሥራ ምን እንደ ደረሰ ግን ብዙ ጊዜ አይነሣም። የአዋላጅ ነርሶቹ ትምህርት ቤት ጥቂት ሰዎችን ካስተማረ በኋላ ተዘጋ። በስማቸው የሚጠራው የሃምሊን የአዋላጅ ነርሶች ኮሌጅ የተከፈተው በ2007 ነው። በማስታወቂያው የተፈለጉት መምህራን በአንድ ዓመት ውስጥ ተገኝተው ሳለ፣ የተፈለገው ትምህርት ቤት ጸንቶ እስኪቆም ድረስ ወደ ሃምሳ ዓመት ፈጅቷል።

ይህ ታሪክ በአገራችን የሕክምና ትምህርት ሂደት ውስጥ በተለያየ መልክ ተደጋግሞ ይታያል። ክፍት የሥራ መደብ ማውጣትና ሰው መቅጠር አንድ ነገር ነው፤ መደቡን የያዘው ሰው ተተኪውን አስተምሮ እንዲያስረክብ ማድረግ ደግሞ ሌላ ነገር ነው። የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በኢትዮጵያ የሕክምና ትምህርት ቤቶች የመምህርነት ሥራ እንዴት እንደ ተከፈተ፣ በየዘመኑ በማን እንደ ተሞላ፣ ለምንስ ደጋግሞ ባዶ እንደ ቀረ መመልከት ነው።

ከፋኩልቲው በፊት

ዘመናዊ ሕክምና ወደ ኢትዮጵያ የገባው በውጭ አገር ሐኪሞች እጅ መሆኑ ይታወቃል። ከዐድዋ ጦርነት በኋላ የመጣው የሩሲያ ቀይ መስቀል ቡድን፣ ኋላም በሃያኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጀመሪያ የተቋቋመው የዳግማዊ ምኒልክ ሆስፒታል የዚህ ምስክሮች ናቸው። በዚያ ዘመን በምዕራቡ ዓለም ሕክምና የሠለጠኑ ኢትዮጵያውያን በጣት የሚቆጠሩ ነበሩ። ከመቅደላ ጦርነት በኋላ በእንግሊዝ መኮንኖች እጅ ወደ ሕንድ ተወስደው ያደጉት ሐኪም ወርቅነህ እሸቴ የመጀመሪያው ናቸው። ከእርሳቸው በኋላ በአሜሪካ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የተማሩት ዶክተር መላኩ በያን ይጠቀሳሉ። እነዚህ ሰዎች ዕውቀቱ ነበራቸው፤ ሕክምናን ተቀምጠው የሚያስተምሩበት ወንበር ግን በአገራቸው አልነበረም።

ከነፃነት በኋላ መጀመሪያ የተከፈተው የማስተማር ሥራ የነርሶች ነበር። በ1951 ሥራ የጀመረው የልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል ራሱ በለንደን የነርስነት ሙያ ተምረው በ1942 በወጣትነታቸው ያረፉት የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ነው። በዚያና በሌሎች ሆስፒታሎች የተቋቋሙት የነርስ ትምህርት ቤቶች መምህራን በአመዛኙ የውጭ አገር ሰዎች ነበሩ።

በ1954 የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ተቋቋመ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ በጣና ዙሪያ በደምቢያ የተነሣው የወባ ወረርሽኝ በሺዎች የሚቆጠር ሕዝብ መጨረሱ ለመከላከል ሥራ የሚሠለጥን ባለሙያ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ በግልጽ አሳይቶ ነበር። ኮሌጁ በኢትዮጵያ መንግሥት፣ በዓለም ጤና ድርጅት፣ በዩኒሴፍና በአሜሪካ መንግሥት ትብብር ተቋቁሞ የጤና መኮንኖችን፣ የኅብረተሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን ያሠለጥን ጀመር። ተማሪዎቹ በአንድነት ወደ ጤና ጣቢያ ወጥተው በቡድን መሥራትን ይማሩ ነበር። ይህ አሠራር በጊዜው ለአፍሪካ ብቻ ሳይሆን ለሌላውም ዓለም አዲስ ነገር ነበር ማለት ይቻላል።

በጎንደር የመጀመሪያዎቹን የመምህርነት ቦታዎች የያዙት አብዛኞቹ በዓለም አቀፍ ድርጅቶችና በእርዳታ ስምምነት የተመደቡ የውጭ አገር ባለሙያዎች ነበሩ። የሥራቸው ዘመን በውል የተወሰነ ስለ ነበር አንዱ ሲሄድ ሌላው ይተካ ነበር። ከኮሌጁ ተመራቂዎች መካከል ግን ኋላ ሕክምና ወይም የኅብረተሰብ ጤና ተምረው የማስተማሩን ሥራ የተረከቡ አሉ። በዚህም ምክንያት ጎንደር በሽተኛ የሚያክሙ ሰዎችን ብቻ ሳይሆን ኋላ መምህራን የሆኑ ሰዎችንም ያፈራ ቤት ሆኖ ይታወሳል።

የሕክምና ፋኩልቲ መመሥረት

በ1950 የተከፈተው የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ከሌሎች ኮሌጆች ጋር ተጣምሮ በ1961 የቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ተባለ። የሕክምና ፋኩልቲው የተመሠረተው ከሦስት ዓመት በኋላ በ1964 ነው። እስከዚያ ጊዜ ድረስ ሐኪም መሆን የሚሻ ኢትዮጵያዊ ወደ ቤይሩት፣ ወደ ብሪታንያ፣ ወደ ካናዳ ወይም ወደ ሌላ አገር መሄድ ነበረበት። በመሆኑም ፋኩልቲው ሲከፈት መምህር ሊሆኑ ይችሉ የነበሩት ኢትዮጵያውያን ከውጭ ተምረው የተመለሱት ጥቂቶቹ ብቻ ነበሩ።

ከእነዚህ አንዱ ፕሮፌሰር አሥራት ወልደየስ ናቸው። በስኮትላንድ በኤዲንበራ ሕክምና ተምረው በ1956 ወደ አገራቸው የተመለሱት ፕሮፌሰር አሥራት በልዕልት ፀሐይ ሆስፒታል አገልግለዋል። ከፋኩልቲው መሥራቾች አንዱ ሲሆኑ ኋላም በዲንነት መርተውታል። በቀዶ ሕክምና ክፍል ለረጅም ዓመታት ያስተማሯቸው ሐኪሞች በመላ አገሪቱ ተበትነው ሠርተዋል።

የመጀመሪያዎቹ ዓመታት የማስተማር ሥራ በአንድ ሕንፃ ውስጥ የተሰበሰበ አልነበረም። ተማሪዎች በልዕልት ፀሐይ፣ በልዑል መኮንን፣ በቅዱስ ጳውሎስና በሌሎችም ሆስፒታሎች እየተዘዋወሩ ይማሩ ነበር። የሕፃናት ሕክምና በስዊድንና በኢትዮጵያ ትብብር በተቋቋመው የሕፃናት ክሊኒክ ይሰጥ ነበር። በ1970ዎቹ መጀመሪያ ዛሬ ጥቁር አንበሳ የምንለው ሆስፒታል ሲከፈት ፋኩልቲው ዋና ማስተማሪያ ቤት አገኘ።

ይሁን እንጂ ሆስፒታሉና መምህሩ የአንድ አሠሪ አልነበሩም። ሆስፒታሉ በጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ሥር ሲተዳደር መምህሩ ደግሞ የዩኒቨርሲቲው ተቀጣሪ ነበር። በአንድ የሕሙማን ክፍል፣ በአንድ አልጋ ዙሪያ ሁለት ስፔሻሊስቶች ቢቆሙ አንደኛው በሚኒስቴሩ ደመወዝ ለማከም፣ ሌላው በዩኒቨርሲቲው ደመወዝ ለማስተማር የተቀጠሩ ሊሆኑ ይችላሉ። የሥራ ሰዓታቸው፣ የዕድገት መሰላላቸውና ተጠሪነታቸው የተለያየ ነበር። ሆስፒታሉ ወደ አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የተላለፈው በ1998 ነው። እስከዚያ ድረስ በነበረው ሩብ ምዕተ ዓመት ውስጥ መምህሩ የሚያስተምርበትን ክፍል የማስተዳደር ሥልጣን ሳይኖረው ሠርቷል። ስለ መምህራን ቅሬታ ሲነገር ደመወዝ ቀድሞ ቢነሣም ይህም ሊዘነጋ የሚገባው አይደለም።

በዚያው ዘመን ለመምህርነት ሙያ ሌላ ምሰሶ ቆመ። የኢትዮጵያ ሕክምና መጽሔት በ1962 መታተም ጀመረ። መጽሔቱ ከፋኩልቲው በሁለት ዓመት ይቀድማል። በዩኒቨርሲቲ ከረዳት ፕሮፌሰርነት ወደ ተባባሪ ፕሮፌሰርነት፣ ከዚያም ወደ ፕሮፌሰርነት ለማደግ የማስተማር ዘመን ብቻ አይበቃም፤ የታተመ ምርምርም ይጠየቃል። መምህሩ በክፍሉ ያየውን በሽታ በአገሩ መጽሔት ላይ የማሳተም ዕድል ማግኘቱ ማስተማርን ከማከም የተለየ፣ ራሱን የቻለ የሙያ መንገድ አድርጎታል።

ከ1974 በኋላ፦ መምህር ሲጠፋ መምህር ማፍራት

የ1974ቱ አብዮት ዩኒቨርሲቲውን ክፉኛ አናጋው። ተማሪዎችና መምህራን በዕድገት በኅብረት ዘመቻ ወደ ገጠር ሲላኩ መደበኛው ትምህርት ተቋረጠ። በ1977ና በ1978 የቀይ ሽብር እልቂት ብዙ ወጣት ምሁራንን ፈጀ። ለትምህርት ወደ ውጭ የተላኩት ብዙዎቹ በዚያው ቀሩ። በውል ይሠሩ የነበሩ የምዕራብ አገሮች መምህራንም ሄዱ።

የሚገርመው ግን የሕክምና ትምህርት በስፋት የተዘረጋው በዚህ በችግር ዘመን መሆኑ ነው። በ1978 በጎንደር የሕክምና ትምህርት ቤት ተከፈተ። መምህራኑ በአመዛኙ የመጡት በስምምነት ከምሥራቅ ጀርመን፣ በተለይም በላይፕሲግ ከሚገኘው የካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ነበር። በ1983 ደግሞ የጅማ ጤና ሳይንስ ኢንስቲትዩት ተቋቋመ። ጅማ ትምህርቱን በኅብረተሰቡ ውስጥ እንዲሆን በማድረግ ይታወቃል። ተማሪዎች ከመጀመሪያዎቹ ዓመታት ጀምሮ ወደ ቀበሌና ወደ ጤና ጣቢያ እየወጡ የሕዝቡን የጤና ችግር ያጠናሉ።

የላይፕሲግ ሐኪሞች ለጎንደር ያበረከቱት ቀላል አይደለም። ነገር ግን ሥራቸው የተመሠረተው በሁለት መንግሥታት ስምምነት ላይ ነበር። በ1990 የጀርመን ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ እንደ መንግሥት ስታከትም በዚያ መልክ የነበረው ስምምነትም አብሯት አከተመ። ኮሌጁ ሳይዘጋ ሊቀጥል የቻለው ከጀርመኖቹ ሥር የተማሩ ኢትዮጵያውያን መምህራን በቦታው ስለ ነበሩ ነው።

ከሁሉ የላቀው ለውጥ ግን ስፔሻሊስቶችን በአገር ውስጥ ማሠልጠን መጀመሩ ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የድኅረ ምረቃ ትምህርት ቤት በ1978 ተቋቁሞ በዚያው አሥር ዓመት መጨረሻ የውስጥ ደዌ፣ የቀዶ ሕክምና፣ የሕፃናት ሕክምና፣ የማህፀንና ጽንስ ሕክምናና ሌሎችም ሥልጠናዎች ተራ በተራ መሰጠት ጀመሩ። በውስጥ ደዌ ሥልጠናውን ለማቋቋም ከደከሙት አንዱ በካናዳ በማክጊል ዩኒቨርሲቲ የተማሩት የጎንደር ተወላጁ ፕሮፌሰር እደማርያም ጸጋ ናቸው። በ1984 ደግሞ በኅብረተሰብ ጤና የማስትሬት ትምህርት ተጀመረ።

የዚህን እርምጃ ትርጉም ለመረዳት የማስተማሪያ ሆስፒታልን የዕለት ሥራ ማሰብ ይበቃል። ሬዚደንቱ ተማሪም መምህርም ነው። ቀን ከስፔሻሊስቱ ሲማር ይውላል፤ ማታ ተረኛ ሆኖ ኢንተርኑን ያስተምራል። ኢንተርኑ የደም ሥር ማግኘት ሲያቅተው የሚጠራው ሬዚደንቱን ነው፤ ሬዚደንቱ ሲቸግረው ወደ ስፔሻሊስቱ ይደውላል። ከዚያ በፊት በተማሪውና በፕሮፌሰሩ መካከል ይህ ደረጃ አልነበረም። ሬዚደንቱ ወደ ውጭ አገር ይላክ በነበረበት ጊዜ አገሪቱ የነገውን ስፔሻሊስት ብቻ አልነበረም አሳልፋ የምትሰጠው፤ ለሦስትና ለአራት ዓመታት በሌሊት ሊያስተምር የሚችለውን መምህር ጭምር ነበር።

ይህም ሆኖ ፍልሰቱ አልቆመም። ስደቱ የሙያ ብቃት ማነስ ምልክት እንዳልነበረም ግልጽ ነው። የሕፃናት ሐኪምና የፋኩልቲው ዲን የነበሩት ፕሮፌሰር ደምሴ ሀብቴ ከ1989 እስከ 1999 በባንግላዴሽ ዓለም አቀፉን የተቅማጥ በሽታዎች ምርምር ማዕከል በዲሬክተርነት መርተዋል። ኋላ ወደ አገራቸው ተመልሰው በ2010 የተመሠረተውን የኢትዮጵያ ሳይንስ አካዳሚ በፕሬዚዳንትነት አገልግለዋል። ፕሮፌሰር እደማርያምም ኑሯቸውን በካናዳ አድርገዋል። የአገር ቤቱ ወንበር ያፈራቸው መምህራን በዓለም መድረክ ተፈላጊ ነበሩ።

በ1993 ደግሞ ከአርባ በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ከሥራ ተሰናበቱ። ፕሮፌሰር አሥራት ከእነዚህ አንዱ ነበሩ። በፖለቲካ ተሳትፏቸው ታስረው ከቆዩ በኋላ በጠና ታመው ለሕክምና ወደ አሜሪካ ሄደው በ1999 በዚያው ዐረፉ። አንድ መምህር ከወንበሩ ሲነሣ የሚጎድለው የአንድ ሰው ጉልበት ብቻ አይደለም። በሠላሳና በአርባ ዓመት የተከማቸ የእጅ ጥበብ፣ የፍርድ ችሎታና የሥነ ምግባር አርአያነት አብሮ ይነሣል።

የቡታጅራ መንገድ

በዚህ ሁሉ መካከል ብዙ ሳይነገርለት የተሳካ አንድ መንገድ ነበር። በ1986 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የኅብረተሰብ ጤና ክፍል በስዊድን ከሚገኘው የኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር በቡታጅራና በአካባቢው ገጠር የሕዝብ ጤና ጥናት ጀመረ። በተመረጡ ቀበሌዎች ልደት፣ ሞትና ፍልሰት በየጊዜው ይመዘገብ ነበር። ይህ መዝገብ ለምርምር መሠረት ሆነ።

የመምህራን ሥልጠናው ከዚህ ጥናት ጋር ተያይዞ ተቀረጸ። የዶክትሬት ተማሪው የዩኒቨርሲቲው መምህር እንደ ሆነ ይቆያል። መረጃውን የሚሰበስበው በቡታጅራ ነው፤ ኮርስ ለመውሰድና ለመጻፍ ለጥቂት ወራት ወደ ኡሜዎ ይሄድና ወደ ሥራው ይመለሳል። ሳንድዊች ይሉታል፤ የውጭው ትምህርት በአገር ቤቱ ሥራ መካከል የሚገባ ስለ ሆነ። ቤተሰቡ፣ ተማሪዎቹና የምርምር ጥያቄው በአገር ቤት ስለሚጠብቁት መመለሱ የተፈጥሮ ያህል ነበር። በአንጻሩ ለአምስትና ለስድስት ዓመታት በውጭ አገር የሌላ አገር በሽታ ሲያጠና የቆየ ሐኪም ሲመለስ፣ የተማረበት መሣሪያም የሚያማክረው ባልደረባም አይኖረውም።

የዚህ መንገድ ፍሬ በአእምሮ ሕክምና ጎልቶ ይታያል። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለም በቡታጅራ ሕዝብ የአእምሮ ጤና ላይ ባደረጉት ጥናት በ1997 ከኡሜዎ ዩኒቨርሲቲ ዶክትሬታቸውን አግኝተዋል። ያን ጊዜ በኢትዮጵያ የአእምሮ ሕክምና ስፔሻሊስት የሚሠለጥንበት ቦታ አልነበረም፤ የአማኑኤል ሆስፒታልም በአገሪቱ ብቸኛው የአእምሮ ሕክምና ሆስፒታል ነበር። በ2003 በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ፤ ሕዝቡ ደግሞ ከ70 ሚሊዮን በላይ ነበር።

በዚያ ዓመት የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የአእምሮ ሕክምና ክፍል ከካናዳው የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር የሦስት ዓመት የስፔሻሊቲ ሥልጠና ጀመረ። በቶሮንቶ በኩል ሥራውን ካስተባበሩት መካከል ዶክተር ክሌር ፔይን ይጠቀሳሉ። ስምምነቱ ቀላል ግን ብልህ ነበር። ሬዚደንቶቹ ወደ ቶሮንቶ አይሄዱም፤ የቶሮንቶ መምህራን በዓመት ሦስት ጊዜ በቡድን ሆነው ለአንድ ወር ያህል ወደ አዲስ አበባ ይመጣሉ። የሚያስተምሩት የአዲስ አበባው ክፍል የጠየቃቸውን ርዕስ ነው። ግማሹ ትምህርት በመማሪያ ክፍል፣ ግማሹ በሕሙማን ፊት ይሰጣል። በቀሩት ወራት ሥልጠናውን የሚያካሂዱት ኢትዮጵያውያኑ መምህራን ናቸው።

ከዚህ ሥልጠና የወጡት ሐኪሞች በጎንደር፣ በጅማ፣ በመቀሌ፣ በሐዋሳና በሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የአእምሮ ሕክምና ክፍሎችን ከፈቱ፤ በተራቸውም ማስተማር ጀመሩ። ዘዴው ወደ ሌሎች ሙያዎችም ተሻገረ። በ2010 በቶሮንቶና በአሜሪካው የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ ተሳትፎ የድንገተኛ ሕክምና ስፔሻሊቲ ሥልጠና በጥቁር አንበሳ ተጀመረ። ከዚያ በፊት በኢትዮጵያ በዚህ ሙያ የሠለጠነ መምህር የሚያፈራ ክፍል አልነበረም፤ ተመራቂዎቹ ራሳቸው የክፍሉ መምህራን ሆኑ።

ከላይፕሲግና ከቶሮንቶ ስምምነቶች መካከል ያለው ልዩነት እዚህ ላይ ግልጽ ይሆናል። በመጀመሪያው የውጭ አገሩ መምህር ወንበሩን ይዞ ተቀመጠ፤ በሁለተኛው ከወንበሩ አጠገብ ቆሞ የተቀመጠውን አገዘ። ይህን ማለት የቀደሙትን ሥራ ማናናቅ አይደለም። በ1978 በጎንደር ወንበሩ ላይ ሊቀመጥ የሚችል በቂ ኢትዮጵያዊ አልነበረምና።

ወንበሩ ሲበዛ

እስከ ሃያ አንደኛው መቶ ክፍለ ዘመን መባቻ ድረስ የኢትዮጵያ የመንግሥት የሕክምና ትምህርት ቤቶች ሦስት ብቻ ነበሩ፤ አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ። ከዚያ በኋላ የመቀሌ፣ የሐዋሳ፣ የሐረማያና የሌሎችም ዩኒቨርሲቲዎች የሕክምና ትምህርት ቤቶች ተከተሉ። በ2007 የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል የሚሌኒየም ሕክምና ኮሌጅ ሆነ። በ2012 ደግሞ በሌላ ሙያ ዲግሪ ያላቸውን ተማሪዎች የሚቀበል አዲስ የሕክምና ትምህርት በ13 ተቋማት በአንድ ጊዜ ተጀመረ። ዛሬ የሕክምና ትምህርት ቤቶቹ ከ20 በላይ ናቸው።

በዚህም የተነሣ የዩኒቨርሲቲ የሥራ ዕድል መልኩን ለወጠ። ቀድሞ ለአንድ የመምህርነት መደብ ብዙዎች ይጠባበቁ ነበር፤ አሁን በአንድ ጊዜ ብዙ መደቦች ተከፍተው ሰው ይጠብቁ ጀመር። ወደ መደቡ የሚያደርሱት መንገዶች በዋናነት ሦስት ናቸው። አንደኛው ክፍሉ ጎበዝ ተመራቂውን በረዳት ምሩቅነት ወይም በሌክቸረርነት አስቀርቶ ወደ ከፍተኛ ትምህርት የሚልክበት ነው። ሁለተኛው ዩኒቨርሲቲው ጠቅላላ ሐኪም ቀጥሮ፣ ተምሮ እንዲያገለግለው ውል አስገብቶ፣ በሌላ ዩኒቨርሲቲ በስፔሻሊቲ የሚያሠለጥንበት ነው። ሦስተኛው ስፔሻሊቲውን የጨረሰ ሐኪም በማስታወቂያ ተወዳድሮ በረዳት ፕሮፌሰርነት የሚገባበት ነው።

በወረቀት ሲታይ መንገዱ ሁሉ ክፍት ነው። በአዲሶቹ ተቋማት የታየው ችግር ግን ሌላ ነው። አንድ ወጣት የቀዶ ሕክምና ስፔሻሊስት ለክፍሉ ብቻውን ይደርሳል። ጠዋት ራውንድ ይመራል፤ ከዚያ ቀዶ ሕክምና ይገባል፤ ከሰዓት ያስተምራል፤ ሌሊት ተረኛ እርሱ ነው፤ ነገም ተረኛ እርሱ ነው። የሚያማክረው ታላቅ የለም፤ የሚተካው ታናሽ አልደረሰም። ለምርምር የሚተርፈው ጊዜ ስለሌለ የማዕረግ ዕድገቱ ይዘገያል። የውሉን ዘመን ሲጨርስ ወደ አዲስ አበባ፣ ወደ ግል ሆስፒታል ወይም ወደ ውጭ አገር ይሄዳል። በማግሥቱ ክፍሉ እንደገና ማስታወቂያ ያወጣል። አባቶች «ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው» እንዳሉት፣ ሰውየውን ያባረረው ሥራው ራሱ ሳይሆን ሥራውን የሚካፈል ሰው መጥፋቱ ነው።

በመሠረታዊ የሕክምና ሳይንሶች ያለው ጉድለት የባሰ ነው። አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂና ባዮኬሚስትሪ ለማስተማር የሚመርጥ ሐኪም ጥቂት በመሆኑ በብዙ ተቋማት መደቦቹ ለዓመታት የተሸፈኑት ከሕንድና ከሌሎች አገሮች በውል በመጡ መምህራን ነው። እነዚህ መምህራን ትምህርቱ እንዳይቋረጥ አድርገዋል። ሆኖም የሃምሊኖቹ ማስታወቂያ ያስነሣው ጥያቄ እዚህም ይነሣል፦ ውሉ ሲያበቃ ማን ይረከባል?

ከ2010 ጀምሮ ለአምስት ዓመታት በአሜሪካ መንግሥት ድጋፍ የተካሄደው የሕክምና ትምህርት አጋርነት ፕሮግራም ይህን ችግር ለማቃለል ከተደረጉት ጥረቶች አንዱ ነበር። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ድጋፉን ከሐረማያ፣ ከሐዋሳና ከመከላከያ የጤና ኮሌጅ ጋር ተካፍሎታል። ሐሳቡ ነባሩ ቤት አዲሶቹን እንዲያበረታ ነበር። ድጋፉ ካበቃ በኋላ የቀረው ጥያቄ ልማዱን በራስ አቅም ማዝለቅ ነው።

በቅርብ ዓመታት ደግሞ ከቀድሞው የተገላቢጦሽ የሆነ ነገር ታይቷል። በአንድ በኩል አዲስ የተመረቁ ጠቅላላ ሐኪሞች እንደ ቀድሞው ወዲያው ሥራ ሳያገኙ የሚጠባበቁበት ጊዜ መጣ። በሌላ በኩል በዩኒቨርሲቲዎች የሚያስተምር ሰው ይፈለጋል። ሥራ ፈላጊ ሐኪምና ሐኪም ፈላጊ ወንበር በአንድ አገር ውስጥ ሳይገናኙ ሊኖሩ እንደሚችሉ ይህ ያሳያል። የሚያገናኛቸው ድልድይ ሥልጠና ነው፤ ሥልጠና ደግሞ ቀድሞ የተቀመጠ መምህር ይሻል።

ማጠቃለያ

ከላይ የተመለከተው የሰባ ዓመት ታሪክ አንድ ነገር ደጋግሞ ያስተምራል። የመምህርነት ወንበር ብቻውን አይቆምም። በውል የመጣ የውጭ አገር ሰው የተቀመጠበት ወንበር ውሉ ሲያበቃ ባዶ ሆኗል። ወደ ውጭ ተልኮ የቀረ ሐኪም ይጠበቅበት የነበረው ወንበርም ባዶ ቆይቷል። ብቻውን የተመደበ ስፔሻሊስት የተቀመጠበት ወንበርም እንዲሁ። የጸኑት መምህሩ በቦታው ሳለ ተተኪው ከአጠገቡ የሠለጠነባቸው ናቸው፤ የጥቁር አንበሳ የስፔሻሊቲ ሥልጠናዎች፣ የቡታጅራ ምርምርና የአእምሮ ሕክምና ክፍሉ ለዚህ ምስክር ናቸው።

ይህ ከመምህራን ማዕረግ የሰፋ ጉዳይ ነው። በአንድ ክልል ሆስፒታል ምጥ የጠናባት እናት ስትደርስ የሚያዋልዳት ወጣት ሐኪም ያን ሥራ አይቶ፣ ከታላቁ ጋር ሠርቶ፣ ተሳስቶ ታርሞ የተማረ መሆን አለበት። ያረመው ሰው ካልነበረ ስሕተቱ የሚታየው በእርሷ ላይ ነው። ስለዚህ አንድ ዩኒቨርሲቲ ክፍት የሥራ መደብ ሲያወጣ ደመወዙንና ማዕረጉን ብቻ ሳይሆን አብረው የሚሠሩትን ባልደረቦች ብዛት፣ ለምርምር የሚሰጠውን ጊዜና መኖሪያ ቤቱን አብሮ ቢያስብ ይበጃል። ሦስት ሰው ለሦስት ቦታ ከመበተን ሦስቱን በአንድ ክፍል አስቀምጦ ከዚያ ሌሎችን ማፍራት የተሻለ መሆኑን ያለፈው ታሪክ ያመለክታል።

በአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታል ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼ የሚባሉ እናት አሉ። በወጣትነታቸው በፊስቱላ ታመው ለመታከም መጥተው በዚያው ቀሩ። ሃምሊኖቹ አጠገባቸው አቁመው አሠለጠኗቸው፤ ማንበብና መጻፍ ሳይችሉ ቀዶ ሕክምናውን ተማሩ፤ ከሌላ አገር ለሚመጡ ሐኪሞችም አሳዩ። በ1989 ከሁለቱ ሃምሊኖች ጋር የእንግሊዝ ንጉሣዊ የቀዶ ሐኪሞች ኮሌጅ የወርቅ ሜዳሊያ ተሸልመዋል። የማስተማር ሥራ መደብ አልነበራቸውም፤ ማዕረግም አልነበራቸውም። የነበራቸው አጠገባቸው ቆሞ ያስተማራቸው ሰው፣ ለመቆየት የሚያስችል ቦታና የሚያስተምሩት ሰው ነው። ለወንበሩ መጽናት የሚያስፈልጉት ነገሮች እነዚሁ ናቸው።